ያገለገለ ሪሲቨር ስትገዙና ስትሸጡ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከዚህ በታች ያሉት ጥያቄዎች በምሠራበት የጥገና ሱቅ በየቀኑ የሚነሱ ናቸው። አንዳንዶቹን ገዢዎች ይጠይቃሉ፤ አንዳንዶቹን ሻጮች። የሚበዙትን ግን የሚጠይቁኝ ገንዘባቸውን ከፍለው፣ ዕቃውን ቤት አድርሰው፣ ከሁለትና ከሦስት ቀን በኋላ ሪሲቨሩን በፌስታል ይዘው የሚመጡ ሰዎች ናቸው። የእነዚህ ሰዎች ቁጥር ቢቀንስ ደስ ስለሚለኝ መልሶቹን በጽሑፍ አስፍሬያለሁ።

ያገለገለ ሪሲቨር መግዛት ያዋጣል ወይስ ጨምሬ አዲስ ልግዛ?

ፈትሻችሁ ከገዛችሁ ያዋጣል። ሪሲቨር እንደ መኪና በየኪሎ ሜትሩ የሚበላ አካል የለውም። ከአቧራና ከመብራት መዋዠቅ ተጠብቆ የኖረ ሪሲቨር ስምንትና አሥር ዓመት ሲያገለግል አይቻለሁ። ቶሎ የሚደክሙት ሦስት ነገሮች ናቸው፤ የኃይል ክፍሉ፣ የዲሹ ገመድ የሚታሰርበት መሰኪያና ሪሞቱ። ሦስቱንም ብር ከኪሳችሁ ሳይወጣ መፈተሽ ትችላላችሁ።

ሪሲቨርን ከጥቅም ውጭ የሚያደርገው አብዛኛውን ጊዜ የስርጭቱ መለወጥ ነው። ጣቢያዎች ከአንድ ሳተላይት ወደ ሌላው ይዛወራሉ፣ የምስል አላላካቸውን ይቀይራሉ፣ የቆየውም ሪሲቨር በሙሉ ጤንነቱ ባዶ ስክሪን ይዞ ይቀራል። ስለዚህ «ይሠራል ወይ?» ብላችሁ ከመጠየቃችሁ በፊት «እኛ ቤት የሚታየውን ይይዛል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ።

ዋጋን በተመለከተ የራሴ ደንብ አለኝ። መጀመሪያ ያንኑ ሞዴል ወይም እኩያውን አዲስ ስንት እንደሚሸጡት ሁለት ሱቅ እጠይቃለሁ። ያገለገለው ከዚያ ከግማሽ በላይ ከተጠራበት ትቼው እሄዳለሁ። አዲሱ ዋስትናና ያልተነካ ሪሞት ይዞ ይመጣል፤ ለእሱ ትንሽ መጨመር ይሻላል።

ሻጩ ቴሌቪዥን ላይ ሰክቶ ምስል አሳይቶኛል። ይህ አይበቃም?

አይበቃም። ብዙ ሰው የሚጎዳው እዚህ ላይ ስለሆነ ረዘም አድርጌ ላስረዳ።

ሪሲቨሩ ዲሹ ፊት ላይ ለሚታሰረው ምልክት መቀበያ፣ ኤልኤንቢ ለሚባለው፣ በዚያው በምስሉ ገመድ ኤሌክትሪክ ይልክለታል። ቨርቲካል የሚባሉትን ጣቢያዎች ለማምጣት 13 ቮልት አካባቢ፣ ሆሪዞንታል የሚባሉትን ለማምጣት 18 ቮልት አካባቢ ይልካል። ከዚህ ሌላ ከ11700 በላይ ያሉትን ፍሪኩዌንሲዎች ለመክፈት 22 ኪሎ ኸርዝ የሆነ ምልክት ይጨምርበታል። ስለዚህ አንድ ሪሲቨር በትክክል ይሠራል ለማለት አራት በሮች መከፈት አለባቸው፤ ታችኛው ቨርቲካል፣ ታችኛው ሆሪዞንታል፣ ላይኛው ቨርቲካል፣ ላይኛው ሆሪዞንታል። ሪሲቨር ሲበላሽ ሁልጊዜ ጭልጥ ብሎ አይጠፋም። አንዱ በር ይዘጋና ሌላው እንደተከፈተ ይቀጥላል። ሻጩ የሚያሳያችሁ ቻናል በተከፈተው በር የሚመጣ ከሆነ ዕቃው ምንም እንከን የሌለው ይመስላችኋል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዲት እናት ሪሲቨር በነጠላቸው ሸፍነው ወደ ሱቅ መጡ። በዓል ሊደርስ የቀረው አንድ ሳምንት ነበር። ዕቃው በርካታ የዓረብኛ ጣቢያዎችን ያሳያል፤ እሳቸው ቅዳሴ የሚከታተሉበት ጣቢያ ግን አልመጣም። ጥፋቱ የዲሹ ነው ተብለው ለዲሽ ባለሙያ ሁለት ጊዜ ከፍለዋል፤ ኤልኤንቢም አስቀይረዋል። ሜትሩን አውጥቼ ገመዱ የሚታሰርበትን መሰኪያ ለካሁ። ቨርቲካል ቻናል ላይ 13 ነጥብ 4 ቮልት አነበበ። ወደ ሆሪዞንታል ቻናል ቀየርኩ፤ አሁንም 13 ነጥብ 4። ክዳኑን ስከፍት ከመሰኪያው ጀርባ የምስር ክክ የምታህል ጥቁር የቃጠሎ ነጥብ ቦርዱ ላይ ተቀምጣለች። «ሻጩ እኮ ፊት ለፊቴ ከፍቶ አሳይቶኛል ልጄ» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ አሳይቷቸዋል። ያሳያቸው ግን ቨርቲካሉን ብቻ ነበር። የተቃጠለችውን ክፍል ቀይሬላቸው ሠራ። ለባለሙያውና ለኤልኤንቢው በከንቱ የከፈሉት ገንዘብ ግን የጥገናውን ሦስት እጥፍ ያህል ነበር።

ስለዚህ ስትፈትሹ እንዲህ አድርጉ። ቻናል ክፈቱና ሪሞቱ ላይ የመረጃ ቁልፉን ተጫኑ፤ ፍሪኩዌንሲውና ቨርቲካል ወይም ሆሪዞንታል መሆኑ ይወጣል። ከ11700 በታች አንድ ቨርቲካልና አንድ ሆሪዞንታል፣ ከ11700 በላይም እንዲሁ አንድ አንድ ፈልጋችሁ ክፈቱ። አራቱም ከመጡ ዋናውን ፈተና አልፏል።

ከዚያ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ተከፍቶ ይቆይ። ሲሞቅ ብቻ የሚታይ ብልሽት አለ፤ ምስሉ ይቆራረጣል ወይም ሪሲቨሩ ራሱን ያጠፋል። በተቃራኒው ደግሞ ሲቀዘቅዝ ብቻ የሚታይ አለ፤ የደከመ ካፓሲተር (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅም ትንሽ ክፍል) ያለበት ሪሲቨር ሞቆ ሳለ ቀጥ ብሎ ይሠራል፣ ጠዋት ሲከፍቱት ግን አይነሳም። እዚያ ስትደርሱ ዕቃው ቀድሞ ተከፍቶ ከጠበቃችሁ እጃችሁን ክዳኑ ላይ አድርጉ። ሞቅ ካለ ነቅላችሁ እስኪቀዘቅዝ ጠብቁና እንደገና አስነሱት። ሻጩ መጠበቅ ካልፈለገ እናንተም መግዛት አይኖርባችሁም።

ዲሽ የሌለበት ቦታ የሚሸጥ ከሆነስ?

ማብራትና ማጥፋት ፍተሻ አይደለም። ወይ ወደ እናንተ ቤት ይምጣ፣ ወይ በአቅራቢያችሁ ወዳለ ጥገና ሱቅ ይዛችሁት ሂዱ። ሁለቱም ካልሆነ ለመለዋወጫ እንደሚሸጥ ዕቃ ቆጥራችሁ ዋጋውን በዚያ ልክ ተነጋገሩ።

«ሲግናሉ 95 ከመቶ ነው» ሲለኝ ምን ማለቱ ነው?

ስክሪኑ ላይ ሁለት መስመሮች አሉ፤ አንዱ ጥንካሬ፣ ሌላው ጥራት። የጥንካሬው መስመር ኤልኤንቢው መብራት አግኝቶ መነሳቱን ከመንገር ብዙም አያልፍም። ዲሹ ወደ ባዶ ሰማይ ዞሮ እንኳ ጥንካሬው ከፍ ብሎ ሊታይ ይችላል። ምስል የሚያመጣው ጥራቱ ነው። ጣታችሁን ጥራቱ ላይ አድርጉና «ይህ ስንት ነው?» በሉ። ክረምት ላይ ከባድ ዝናብ እየጣለ ከሆነ ጥራቱ ሊወርድ ስለሚችል ሪሲቨሩ ላይ አትፍረዱ፤ ዝናቡ እስኪያባራ ጠብቁ።

ኢትዮሳትን መያዙን በምን ላረጋግጥ?

ይህ ዛሬ ከሁሉም በላይ የሚጠየቀው ጥያቄ ነው። ቀድሞ ብዙዎቻችን የምናውቀው በምዕራብ 7 ዲግሪ ላይ ያለውን ናይልሳትን ነበር። የኢትዮጵያ ጣቢያዎች በአንድነት የሚገኙበት ኢትዮሳት የሚተላለፈው ግን በምሥራቅ 57 ዲግሪ ላይ ባለው ኤንኤስኤስ-12 በተባለው ሳተላይት ነው። ሳተላይቱ የኤስኢኤስ ኩባንያ ሲሆን ወደ ኅዋ የወጣው በጥቅምት 2002 ዓ.ም. ነው። ዋናው ፍሪኩዌንሲ 11105 ሆሪዞንታል 45000 ነው።

ይህቺ አንድ መስመር ሪሲቨሩን ሦስት ነገር ትጠይቀዋለች። አንደኛ፣ ስርጭቱ ዲቪቢ-ኤስ2 በሚባለው አዲሱ የሳተላይት አላላክ ስለሆነ የድሮው ዲቪቢ-ኤስ ብቻ ያለው ሪሲቨር አያነበውም። ሁለተኛ፣ ሆሪዞንታል ስለሆነ ከላይ የተናገርኩት 18 ቮልት በትክክል መውጣት አለበት። የእኚያ እናት ሪሲቨር እዚህ ላይ ይወድቅ ነበር። ሦስተኛው ብዙ ሰው የሚዘነጋው ነው፤ ሲምቦል ሬቱ፣ ማለትም የመረጃው አላላክ ፍጥነት፣ 45000 ትልቅ ቁጥር ነው። አንዳንድ የቆዩ ሪሲቨሮች ኤችዲ ተብለው እየተሸጡ እንኳ ከ30000 በላይ ስትጽፉባቸው አይቀበሉም፤ ወይም ቁጥሩን ተቀብለው ጥራቱን ዜሮ ላይ ያስቀሩታል። ስለዚህ ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን ከማንበብ ይልቅ የማኑዋል መፈለጊያውን ገጽ አስከፍቱና ሦስቱን ቁጥሮች ራሳችሁ አስገቡ። በ57 ዲግሪ ላይ የተስተካከለ ዲሽ ካለ ስካን አድርጉ፤ ከሌለ ቢያንስ 45000 የሚለውን መቀበሉን እዩ።

አንድ ተያያዥ ነገር፤ ናይልሳትና ኢትዮሳት በ64 ዲግሪ ስለሚራራቁ አንድ ዲሽ ላይ ሁለት ኤልኤንቢ አስሮ ሁለቱንም ማግኘት አይቻልም። አዲስ አበባ ላይ የናይልሳቱ ዲሽ ወደ ምዕራብ ጎንበስ ብሎ ሲያይ የኢትዮሳቱ ወደ ምሥራቅ ዞሮ አሻቅቦ ያያል። ሁለት ዲሽና ከሁለቱ አንዱን እየመረጠ ለሪሲቨሩ የሚያገናኝ አንድ ስዊች ያስፈልጋል። ቤታችሁ ስዊች ካለ የምትገዙት ሪሲቨር በስዊቹ በኩል ሁለቱንም መቀያየር መቻሉን ሳታዩ አትክፈሉ።

ቤት ያለው ቴሌቪዥን አሮጌ ነው። ማንኛውም ሪሲቨር ይሆነዋል?

አይሆንም። አሮጌው ቴሌቪዥን ቢጫ፣ ቀይና ነጭ መሰኪያ ብቻ ካለው ሪሲቨሩም እነሱ ሊኖሩት ይገባል። ትንንሾቹ አዳዲስ ሪሲቨሮች ብዙዎቹ ኤችዲኤምአይ ብቻ አላቸው፤ ወይም ሦስቱን ቀለማት በአንድ ቀጭን ቀዳዳ የሚያወጣ የተለየ ገመድ ይፈልጋሉ። ገመዱ አብሮ ካልመጣ ገበያ ላይ የሚመስለው ሁሉ አይስማማም፤ አንዳንዱ ድምፅና ምስሉን አቀያይሮ ያወጣል። ለወላጆቻችሁ ወደ ገጠር የምትልኩ ከሆነ የቴሌቪዥኑን ጀርባ በስልክ ፎቶ አስነሥታችሁ ያዙ።

ሶላር ለሚጠቀሙ ቤቶች ደግሞ በ12 ቮልት አዳፕተር የሚሠራ ትንሽ ሪሲቨር ይመረጣል። አዳፕተሩ የራሱ መሆኑን ግን እዩ። ሪሲቨሩ ጀርባ ላይ የሚፈልገው ቮልትና አምፔር ተጽፏል፤ አዳፕተሩ ላይም እንዲሁ። ቮልቱ አንድ መሆን አለበት፣ የአዳፕተሩ አምፔር እኩል ወይም የበለጠ መሆን አለበት። አምፔሩ ያነሰ አዳፕተር ይዞ የሚመጣ ሪሲቨር ቨርቲካሉን ይዞ ሆሪዞንታሉ ላይ ሲደርስ እየጠፋ ይነሳል። ሰዎች ሪሲቨሩ ሞተ ብለው ይጥሉታል፤ አዳፕተር ሲቀየርለት ግን ደህና ሆኖ ይሠራል።

ክዳኑን ከፍቼ ማየት አለብኝ?

የሙያው ሰው ካልሆናችሁ አትክፈቱት። ከሶኬት ከተነቀለ በኋላም የኃይል ክፍሉ ውስጥ ኤሌክትሪክ ተጠራቅሞ ይቆያል። በአየር ማስገቢያው ቀዳዳዎች በኩል በስልክ መብራት አሳይታችሁ ማየት ግን ትችላላችሁ። በኃይል ክፍሉ ላይ የቆሙትን ትንንሽ ቆርቆሮ መሳይ ካፓሲተሮች ተመልከቱ፤ አናታቸው ዝርግ መሆን አለበት። አናቱ ጉብ ያለ ወይም ቡናማ ፈሳሽ የወጣበት ካለ የቀረው ጊዜ አጭር ነው። ቀዳዳው ላይ አፍንጫችሁን አስጠጉና አሽትቱ፤ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ ለወራት አይለቅም። በረሮ ሙቀት ስለሚወድ ሪሲቨር ውስጥ ይራባል። ቀዳዳው አካባቢ ጥቁር ፍርፋሪ የመሰለ ነገር ካያችሁ ውስጡ ሞልቷል ማለት ነው፤ የበረሮ ኩስ ደግሞ ቦርድ ይበላል።

ብሎን የጎደለው ወይም የብሎኑ አናት የተፋፋቀ ሪሲቨር ተከፍቶ ያውቃል። ተጠግኗል ማለት መጥፎ ነው ማለት አይደለም፤ ምን እንደተቀየረለት የሚነግራችሁ ሻጭ ከሆነ እንዲያውም እምነት የሚጣልበት ነው። «ፈጽሞ አልተከፈተም» እያለ ብሎኑ ሌላ የሚናገር ከሆነ ግን ዕቃውን ተዉት።

በመጨረሻ የዲሹ ገመድ የሚታሰርበትን መሰኪያ በጣታችሁ ያዝ አድርጋችሁ በቀስታ ወዝወዝ አድርጉት። መነቃነቅ የለበትም።

ሪሞት የለውም፤ ችግር አለው?

አለው። ብዙ ሪሲቨሮች ፊታቸው ላይ ከሁለትና ከሦስት ቁልፍ በላይ የላቸውም፤ ያለ ሪሞት ስካን ማድረግ አይቻልም። የአንዱ ሞዴል ሪሞት ለሌላው አይሆንም፤ የአንድ ፋብሪካ ዕቃዎች ሆነው እንኳ ይለያያሉ። ሪሞቱ ካለ የስልካችሁን ካሜራ ክፈቱና ሪሞቱን ወደ ካሜራው አዙራችሁ ቁልፍ ተጫኑ፤ በዓይን የማይታየው ብርሃን በአብዛኞቹ ስልኮች ካሜራ ላይ ብልጭ ሲል ይታያል። ከዚያ ቁጥሮቹን ከ0 እስከ 9 አንድ በአንድ ሞክሩ። ፍሪኩዌንሲ ማስገባት የምትችሉት ሁሉም ቁጥር ሲሠራ ነው።

ከየት ብገዛ ይሻላል?

ከጥገና ሱቅ። ነገም እዚያው ስለምታገኙት ነው። ከዚያ ቀጥሎ ቤት ለቅቆ ወይም አገር ቀይሮ ከሚሄድ ሰው ከቤቱ መግዛት ጥሩ ነው፤ ዕቃው ከዲሹ ጋር ታስሮ ሲሠራ ታዩታላችሁ። መርካቶ ምናለሽ ተራ ርካሽ ታገኛላችሁ፤ ግን ለሚያውቅ ሰው ወይም የሚያውቅ ሰው ይዞ ለሚሄድ ነው። በቴሌግራምና በፌስቡክ የሚለጠፈውን ደግሞ ፎቶው ላይ ከምታዩት በላይ ጀርባው ይናገራልና የጀርባውን ፎቶና ሪሲቨሩ ላይ የተለጠፈውን የሞዴል ጽሑፍ አስልኩ። የፊቱን ፎቶ ብቻ የሚልክና ጀርባውን ሲጠይቁት የሚዘገይ ሻጭ ብዙ ጊዜ የተሰበረ መሰኪያ አለው።

ክፍያን በተመለከተ ዕቃው ተፈትሾ እጃችሁ ሳይገባ በቴሌብርም በባንክም ቅድሚያ አትላኩ። «ሌላ ገዢ እየጠበቀ ነው» ከተባላችሁ ለሌላው ገዢ ይሽጥለት። ሻጭም ብትሆኑ የተላከውን መልእክት አይታችሁ ብቻ ዕቃ አትልቀቁ፤ ገንዘቡ ሒሳባችሁ ውስጥ መግባቱን ራሳችሁ ከፍታችሁ እዩ።

የተሰረቀ እንዳይሆን እፈራለሁ።

መፍራታችሁ ትክክል ነው። የተሰረቀ መሆኑን እያወቁ መግዛት በወንጀል ያስጠይቃል፤ ሳያውቁ የገዙም ቢሆኑ ዕቃውን አጥተው ጣቢያ ሲመላለሱ ይከርማሉ። እኔ መጀመሪያ የማየው ጀርባውን ነው። አንድ ወጣት ሪሲቨር ሊሸጥልኝ መጥቶ ሳዞረው፣ መሰኪያው ላይ የጣት ያህል ርዝመት ያለው የዲሽ ገመድ በቢላ ተቆርጦ ቀርቶበታል። ባለቤት የሆነ ሰው ገመዱን በጣቱ አሽከርክሮ ይፈታዋል፤ የሚቆርጠው የሚቸኩል ሰው ነው። አልገዛሁትም።

ሪሞትና አዳፕተር ሁለቱም የሌሉት፣ ዋጋው ያለ ቅጥ የወረደ፣ ሻጩ ስሙን መናገር የማይፈልግ ከሆነ ተዉት። ከተስማማችሁ ደግሞ አንድ ወረቀት ላይ የሻጩን ስም፣ ስልክ፣ ቀኑን፣ ዋጋውንና ጀርባው ላይ ያለውን መለያ ቁጥር ጽፋችሁ ሁለታችሁም ፈርሙ። ሐቀኛ ሻጭ በዚህ አይቀየምም።

«ሰርቨር አለው» ተብሎ ዋጋ ተጨመረበት። ልክፈል?

አትክፈሉ። ሰርቨር የሚባለው የክፍያ ጣቢያዎችን በኢንተርኔት በኩል ያለ ባለመብቶቹ ፈቃድ የሚከፍት አገልግሎት ነው። ሕጋዊ አይደለም፤ በመሆኑም የሚከራከርላችሁ አካል የለም። ዛሬ ኳስ እያያችሁበት ነገ ጠዋት ሊዘጋ ይችላል፤ ሻጩም «እኔ ምን ላድርግ» ይላል። ስክሪኑ ላይ የሚታየው የማብቂያ ቀንም ዋስትና አይደለም። ሪሲቨሩን ነጻ ጣቢያዎችን በሚያሳየው ልክ ብቻ ገምቱት።

የክፍያ ቴሌቪዥን ዲኮደር ያገለገለ ልግዛ?

እንደ ዲኤስቲቪ ያሉት ዲኮደሮች ከተራ ሪሲቨር የተለዩ ናቸው። የሚሠሩት ከአገልግሎት ሰጪው ጋር ባለ ምዝገባና ወርኃዊ ክፍያ ነው፤ እንደ ልባችሁ ናይልሳትና ኢትዮሳት ስካን ታደርጉበታላችሁ ማለት አይደለም። ከገዛችሁ ከሻጩ ጋር አብራችሁ ወደ ድርጅቱ ቢሮ ሄዳችሁ ምዝገባው ወደ ስማችሁ ከዞረ በኋላ ክፈሉ። ሻጭ ከሆናችሁም ይህን አድርጉ፤ በስማችሁ የተመዘገበ ዕቃ በሌላ ሰው እጅ እንዲቆይ አትተዉት።

ዘመዴ ከውጭ አገር ያመጣልኝ አለ። እዚህ ይሠራል?

ከየት እንደመጣ ይወስነዋል። ከዱባይ፣ ከሳዑዲ ወይም ከኩዌት የመጣ ነጻ ጣቢያ የሚስብ ሪሲቨር ያለ ችግር ይሠራል፤ እዚያም ናይልሳትን ስለሚያዩበት ቅንብሩ ተመሳሳይ ነው። በካርድ የሚሠሩት የክፍያ ሳጥኖች ግን ያለ ምዝገባቸው ዋጋ የላቸውም።

አሜሪካ ላሉ ዘመዶቻችሁ ግን አስቀድማችሁ ንገሯቸው። የዳይሬክቲቪና የዲሽ ኔትወርክ ሪሲቨሮች ለራሳቸው ድርጅት ስርጭት ብቻ የተሠሩ ስለሆኑ እዚህ ምንም አያሳዩም። ሻንጣ ውስጥ ቦታ ይዘው፣ ለጉምሩክ ተብራርተው፣ መጨረሻቸው መደርደሪያ ላይ መቀመጥ ይሆናል። ነጻ ሪሲቨር ከሆነም ጀርባውን ያንብቡ፤ ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል ከሆነ ይምጣ። 110 ወይም 120 ብቻ የሚል ከሆነ የእኛ 220 ቮልት በመጀመሪያው ሰከንድ ያቃጥለዋል።

እኔ ልሸጥ ነው። ምን ላዘጋጅ?

አቧራውን በደረቅ ብሩሽ አራግፉ። ዋይፋይ የገባበት ከሆነ የቤታችሁን የይለፍ ቃልና የዩቲዩብ አካውንታችሁን አጥፉ፤ ከቅንብር ገጹ ወደ ፋብሪካው ቅንብር መመለስ ሁሉንም ያጸዳል። የሚስጥር ቁጥር ቀይራችሁ ከሆነ መልሱት ወይም ለገዢው ንገሩት። ቁጥሩን ሳያውቅ የወሰደ ሰው ስካን ማድረግ ሲያቅተው ዕቃው ተበላሸ ብሎ ይመለሳል። ካጸዳችሁ በኋላ ጣቢያዎቹን እንደገና ስካን አድርጋችሁ አስቀምጡ፤ ሲከፈት ምስል የሚያመጣ ዕቃ በተሻለ ዋጋ ይሸጣል።

ሶፍትዌሩን ለሽያጭ ብላችሁ ለማደስ አትነሱ። የሌላ ሞዴል ሶፍትዌር በዩኤስቢ የተጫነበት ሪሲቨር ሲነሳ ፊቱ ላይ አንድ ጽሑፍ ብቻ አሳይቶ ቀጥ ብሎ ይቀራል። በዚህ ምክንያት ደህና ዕቃ ይዘው ገብተው የሞተ ዕቃ ይዘው የወጡ ሰዎችን አውቃለሁ።

ጉድለት ካለው ተናገሩ። «የዩኤስቢ ቀዳዳው አይሠራም፣ ሌላው ደህና ነው» ብላችሁ ዋጋውን ዝቅ አድርጋችሁ ብትሸጡት ገዢው ዩኤስቢ የማይፈልግ ሊሆን ይችላል፤ ይስማማል። ሪሲቨር የሚገዛው ሰው ብዙ ጊዜ አቅሙ አዲስ ለመግዛት ያልደረሰ ነው። ቤት የዋለች አያት አለች፣ ከትምህርት ቤት የሚመለስ ልጅ አለ፤ ያንን ሳጥን ከፍቶ ዜናና ቅዳሴ፣ አዛንና ድራማ የሚያይ ቤተሰብ አለ። ያንን ገንዘብ ለማጠራቀም ስንት ወር እንደፈጀ እናንተ አታዩትም።

ገዝቼው በሁለተኛው ቀን ተበላሸ። መመለስ እችላለሁ?

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭ ስለሸጠው ዕቃ ጉድለት ኃላፊነት እንዳለበት ይደነግጋል። ገዢም ዕቃውን ሳይውል ሳያድር መርምሮ ጉድለቱን ለሻጩ ማሳወቅ አለበት። ስለዚህ ሳምንት አትጠብቁ፤ በዚያው ቀን ደውሉ፣ ደግሞም በጽሑፍ መልእክት ላኩለት። ክዳኑን እንዳትከፍቱ፣ ለጎረቤት ባለሙያም እንዳታስከፍቱ፤ ከተከፈተ በኋላ «እናንተ ናችሁ ያበላሻችሁት» መባል ይመጣል። ከላይ ያልኩት የተፈረመ ወረቀት የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። በተግባር ግን ከሁሉ የሚሻለው ስትገዙ የሦስት ወይም የአምስት ቀን መፈተኛ ጊዜ ተነጋግራችሁ ወረቀቱ ላይ ማስፈር ነው። እኔ የምሸጠውን ሁሉ በአምስት ቀን ነው የምሰጠው፤ የሚመለስልኝ ከስንት አንድ ነው።

ከመመለሳችሁ በፊት ግን አንድ ነገር አጣሩ። ገመዱን ስታስሩ ከጥልፍልፉ ሽቦ አንዲት ክር መሀል ላይ ያለውን ወፍራም ሽቦ ነክታ እንደሆነ ሪሲቨሩ ራሱን ለመጠበቅ ይዘጋል፣ ወይም ያ 18 ቮልት የሚሰጠው ክፍል ይቃጠላል። ገመድ በምታስሩበት ጊዜ ሁሉ ሪሲቨሩ ከሶኬት ይነቀል። መብራት ሲጠፋም ንቀሉት፤ ተመልሶ ሲመጣ ከፍ ብሎ ሊመጣ ይችላል።

የሞተ ሪሲቨር ይሸጣል?

ይሸጣል። ለቆራሌው ከመስጠታችሁ በፊት ጥገና ሱቅ አሳዩት። ሞዴሉ በገበያ ላይ ካለ የኃይል ክፍሉ፣ መሰኪያው፣ የፊት ሰሌዳው፣ ሪሞቱም ሳይቀር ለሌላ ዕቃ መለዋወጫ ይሆናል። ሪሞቱን ለብቻው የሚፈልግ ሰው አይጠፋም፤ እኔ ዘንድ ሪሲቨሩ ሞቶ ሪሞቱ ብቻ የተሸጠበት ጊዜ ብዙ ነው። ልዋጭ ለሚዞሩት ከሰጣችሁ አንድ የፕላስቲክ ሳፋ ታገኙበታላችሁ፤ ጥገና ሱቅ ከዚያ የተሻለ ሊከፍላችሁ ይችላልና መጀመሪያ እዚያ ጠይቁ።